አርባ አንድ አደጋ በአንድ ወፍጮ ቤት

የአያ ባየ ወፍጮ ሲነሳ የቢቸና መሬት ይንቀጠቀጣል። ደጀን ላይ ያደሩ ሹፌሮች «ባየ ሞተሩን አስነሳ» ብለው ሰዓታቸውን ያስተካክላሉ፤ ሮብ ገበያ የታሰረ በቅሎ ጆሮውን ይቀስራል። ይህን የማያምን ሰው ወፍጮውን ሰምቶት አያውቅም ማለት ነው። ከኢትዮጵያ ጤፍ ግማሹ፣ ተጋነነ የሚል ካለም ሩቡ፣ በዚያ ወፍጮ አፍ ገብቶ ወጥቷል።

እንዲህ ያለውን ወፍጮ ነው እንግዲህ እፀገነት የምትባል አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ከደሴ ተመድባ በመጣች በሦስተኛው ቀን፣ ፋይሏን በብብቷ ሸጉጣ ሥርዓት ልታስይዝ የገባችው።

ሥራዋ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ይባላል። ለወሬው ቀላል ነው፤ አሠሪዎች ሠራተኛቸውን ሳይጎዱ እንዲያሠሩ ሕጉን እያስረዱ መርዳት ነው። ለሥራው ግን፣ የጎጃም አሠሪን «ይህን አላወቅህም» ብሎ ማስተማር ዓባይን ወደ ላይ እንደ መንዳት ነው። እሷ ግን በሁለት ወር ውስጥ ዓባይን ጣና ድረስ መልሳዋለች።

የመጀመሪያው ቀን ግን ለጥቂት የመጨረሻዋ ሊሆን ነበር።

በሩ ላይ ቆማ «ጤና ይስጥልኝ!» አለች። የሰማት የለም። ሞተሩ ያጓራል፣ ዱቄቱ እንደ ጭጋግ ተንጠልጥሏል። አንድ እርምጃ ጠጋ አለች፤ ሌላም ጨመረች። የነጠላዋን ጫፍ ሞተሩ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ በነፋሱ ብድግ አደረገውና ወደ መዘውሩ ሳበው።

አንድ እጅ ነጠላውን ከአንገቷ ላይ ነጠቀ። ሌላው እጅ ሞተሩን አጠፋ። ነጠላው ለብቻው ዞሮ ዞሮ፣ ተበጣጥሶ ቆመ።

ፊት ለፊቷ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ዱቄት የለበሰ ሰው ቆሟል። የሚታዩት ሁለት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው።

«እህቴ» አላት፤ «ይህ ወፍጮ የሚፈጨው ጤፍና ስንዴ ነው። ሰው ገና አልጀመረም።»

እፀገነት ፋይሏን ገለጠች፣ እስክሪብቶዋን አወጣች።

«ቺንጋው መሸፈኛ የለውም» አለች። «አንድ።»

«ከሞት አፍ ወጥተሽ መጀመሪያ የምትይው ይህን ነው?»

«ከእኔ ቀጥሎ ለሚመጣው ነው።»

ሰውየው አያት። የሚያየው ዓይኗን አልነበረም፤ ከንፈሯን ነው። እፀገነት በደሴ ሳለች ወንድ አይቷት ያውቃል፤ እንደዚህ ግን ማንም አላያትም። ዲያቆን የብራና ዳዊት እንደሚያነብ ነው፤ ፊደል በፊደል፣ አንዱም እንዳያመልጠው።

ስሙ ስጦታው ነው፤ የአያ ባየ የወንድም ልጅ። ከቅኔ ቤት ወጥቶ ወፍጮ ቤት የገባ፣ ድንጋዩ ሲዞር እህሉ እርጥብ ይሁን ደረቅ፣ ከየትኛው ቀበሌም እንደመጣ በድምፁ ይለያል የሚባልለት ነበር። በቢቸና ላይ እንዲህ ያለ ወፍጮ ፈጪ አልተወለደም፤ ከእሱ በኋላም አይወለድም።

አያ ባየ ግን በቀላሉ የሚነኩ ሰው አልነበሩም።

«ልጄ፣ ይህ ወፍጮ ሠላሳ ዓመት ፈጨ። አንድ ሰው አልበላም!» አሉ።

«ቆጥረዋል፣ አያ?»

«ያልበላውን ምን ብዬ ልቁጠረው! ደግሞ ልሸፍነው ትያለሽ። ወፍጮ ነው ወይስ ሙሽራ?»

«ሙሽራ ይሁን፣ አያ። የተሸፈነች ሙሽራን ማን ደፍሮ በእጁ ይነካል?»

አያ ባየ ሳቁ። እሳቸው ከሳቁ ደግሞ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። በሳምንቱ በያጁ መጥቶ ቺንጋው ላይ የብረት መሸፈኛ ገጠመ። እንደ ጮቄ ተራራ የተቆለለው ጆንያ ወርዶ የሰው ቁመት አከለ። ለዘመናት በምስማር የተቸነከረው የጓሮ በር ተከፈተ፤ ብርሃን ሲገባ ዱቄት የምታበጥረው በዛብሽ እልል ልትል ምንም አልቀራትም፤ «ለካስ እነዚህ ሁሉ ሰዎች መልክ አላቸው!» አለች። ሃያ ሦስቱም ሠራተኞች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው መሥራት ጀመሩ። እፀገነት አንድም ጊዜ «እቀጣለሁ» አላለችም። ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ አዋጁን አንቀጽ በአንቀጽ እየፈታች፣ «ይህ የወጣው ለእናንተ ነው» እያለች ነው ያሳመነችው። ሕግን እንዲህ አጣፍጦ ያቀረበ ሰው ከዚያ በፊት በምሥራቅ ጎጃም አልታየም።

አንድ ነገር ብቻ እምቢ አላት። የጆሮ መከላከያውን ስጦታው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይውላል።

«ለምን አታደርገውም?»

«ጆሮዬን ከደፈንሽው በምን ልፍጭ?»

ከሥራ ሲወጡ አብረው ይሄዳሉ። ሁልጊዜ ዞሮ በግራዋ በኩል ይሆናል፤ እሷ ጨዋነት ነው ትላለች። ስትናገር ፊቷን ያያል። መልሱ ትንሽ ዘግየት ይላል።

«ሁልጊዜ ዘግይተህ ነው የምትመልሰው» አለችው አንድ ቀን።

«ጥሩ ነገር እስኪበስል ጊዜ ይፈልጋል።»

ሳቀች። የቢቸና መንገድ አጭር ነው፤ እነሱ ግን አንድ ሰዓት ይሄዱበታል። በዛብሽ ከኋላ ሆና ትጮኻለች፦

«አንቺ ልጅ! ይህ ሰውዬ ከንፈርሽን በዓይኑ ሊጨርሰው ነው። ይህም አደጋ ነው፣ መዝግቢው እንጂ!»

መዝገቡን ያመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። አረንጓዴ፣ ትልቅ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው የአደጋ መዝገብ።

«የደረሰ አደጋ ሁሉ፣ ሥራው ያመጣው በሽታም ቢሆን፣ እዚህ ይጻፋል» አለች። «መደበቅ ነው ነውሩ። መዝግቦ ያሳወቀ አሠሪ የተከበረ አሠሪ ነው።»

ከዚህ ሁሉ በአያ ባየ ጆሮ የገባው አንድ ቃል ነው፤ «የተከበረ» የምትለዋ።

እፀገነት ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ደብረ ማርቆስ ሄደች። እሷ በሌለችበት ከሞጣ ወሬ መጣ፤ አቶ ደምለው የሚባሉ የሞጣ ባለወፍጮ ዘጠኝ አደጋ መዝግበው አሳውቀዋል አሉ።

«ዘጠኝ?» አያ ባየ ከወንበራቸው ተነሱ። «ሞጣ ዘጠኝ፣ ቢቸና ባዶ? ስጦታው፣ እስክሪብቶ አምጣ!»

«አያ፣ እኛ ጋ እኮ የደረሰ ነገር የለም።»

«የደምለው ወፍጮ የእኔን ግማሽ አታክልም። ግማሿ ዘጠኝ ካገኘች ሙሉው ስንት ሊያገኝ ነው? ሒሳብ አልተማርክም?»

«አያ፣ ይህ እኮ እንደ...»

«ጻፍ አልኩህ!»

ስጦታውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ጻፈ። በዚያ በቅኔ ቤት በታነጸ እጁ፣ ቀይ ቀለም ብቻ የጎደለው እስኪመስል ድረስ አሳምሮ ጻፈው። ቁጥር ሰባት፦ «የስንዴ ጆንያ በበዛብሽ እግር ላይ ወደቀ። እግሯ ደህና ነው፤ ጆንያው ተቀደደ።» ቁጥር አሥራ ዘጠኝ፦ «የዘበኛው ውሻ ከሞተሩ ድምፅ የተነሳ ሦስት ቀን መጮህ ተወ።» ቁጥር ሠላሳ ሦስት፦ «አያ ባየ የሞጣን ወሬ ሲሰሙ ደማቸው ከፍ አለ።» እንዲህ እንዲህ እያለ አርባ አንድ ሞላ። አያ ባየ ያን ዕለት እንደ ንጉሥ ተኙ።

ወደ ቢሮ የሚላከው ቅጽ ግን ቁጥር እንጂ ታሪክ አይጠይቅም።

የእፀገነት አለቃ አቶ ወንደሰን እዚያው ደብረ ማርቆስ ቅጹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጠሯት።

«ሃያ ሦስት ሠራተኛ። በሦስት ወር አርባ አንድ አደጋ። እፀገነት፣ ይህን ወፍጮ እየረዳሽው ነበር ወይስ እየተዋጋሽው?»

እፀገነት ቅጹን ሳበችና አየችው፤ ቁጥር ብቻ ነው።

«በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይዘጋል። አንቺን ሞጣ ልመድብሽ አስቤያለሁ፤ ስምሽ ከዚህ ጉድ ጋር አይነሳ። እዚያው ቢቸና ቆይቼ እከራከራለሁ ካልሽም መብትሽ ነው። እስከ ነገ አሳውቂኝ።»

ቢቸና ስትደርስ የገበያ ቀን ነበር። በቀጥታ መዝገቡን ገለጠች። ቁጥር ሰባት ላይ ሳቀች፤ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ላይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«ለምን?» አለችው።

«እሳቸውን ላለማሳፈር።»

«እኔንስ?»

ስጦታው አንገቱን ደፋ። ሃያ ሦስት ሰው ሥራ ሊፈታ ነው፤ እሷ የለፋችበት ሁለት ወር ዱቄት ሆነ። ተያይዘው ወጡ። ገበያው እየተበተነ ነው፤ አህያው ከሰው ተጋፍቷል፤ ጭነት የሚያወርድ አይሱዙ ሞተሩን ሳያጠፋ መንገዱ ላይ ቆሟል። ተናዳ ነበርና የት በኩል እንደምትሄድ ልብ አላለችም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በግራው ሆነች። በአሠሪዎች ጉባኤ ፊት አዋጅ ስታነብ ድምፅዋ የማይዝለው ልጅ፣ መሬት መሬት እያየች በሹክሹክታ ተናገረች፦

«ሞጣ ሂጂ ብለውኛል። ቆዪ ካልከኝ እቆያለሁ። ለወፍጮው ብዬ አይደለም፤ ለአንተ ነው።»

ቀና አለች። ስጦታው ፈገግ ብሏል፤ ያ የሚያሳሳ ፈገግታው።

«እሺ» አላት። «በሰላም ግቢ።»

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው አውቶቡስ ውስጥ ነበረች። ከቢቸና እስከ ግንደወይን ያፈሰሰችው እንባ ሦስት ቀበሌ በመስኖ ያጠጣ ነበር።

ሞጣ ላይ የተቀበሏት ራሳቸው አቶ ደምለው ናቸው፤ ትከሻቸው በር የሚሞላ፣ ድምፃቸው ከወፍጯቸው የሚበልጥ ሰው።

«እንኳን መጣሽ ልጄ! ያ የቢቸናው ባየ አርባ አንድ አለ አሉ። ነው?»

«ብለዋል፣ ጋሼ።»

«በይ የእኔን ስድሳ አድርጊልኝ!»

እፀገነት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ዘጠኙስ እውነት ነው?»

አቶ ደምለው ግራ ቀኝ አዩ። «ሁለቱ እውነት ነው።»

«ሰባቱስ?»

«ሰባቱ... ለሞጣ ክብር ነው።»

ያኔ ነገሩ ሁሉ በራላት። ጥፋቱ ከአያ ባየም፣ ከስጦታውም አልጀመረም። ክብር ከተነሳ እርስ በርሱ ሳይበላለጥ የማያድር አገር መጥታ «የመዘገበ ይከበራል» ያለችው እሷ ናት! ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አውቆ ዝም ይል ነበር። እሷ ግን በዚያው ቀን ለአቶ ወንደሰን ጻፈች፦ «ስህተቱ የአነጋገሬ ነው። ወፍጮው ከመዘጋቱ በፊት አርባ አንዱን አንድ በአንድ ላጣራ፤ ሠራተኞቹም በጤና ባለሙያ ይመርመሩ።» አለቃ ፊት እንዲህ ብሎ ለመጻፍ የአንበሳ ልብ ያስፈልጋል። እሷ ሁለት አንበሳ ነበራት።

ፈቀዱላት። ወፍጮው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ቢቸና ተመለሰች፤ ከጤና ባለሙያዋ ከሲስተር ንጋት ጋር፣ ስጦታውን ቀና ብላ ላታይ ከራሷ ጋር ተማምላ።

ሞተሩ ጠፋ። ሠራተኞቹ ተራ በተራ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ሲስተር ንጋት ደረታቸውን አዳመጠች፣ ዓይናቸውን አየች፤ ለጆሯቸው ደግሞ አንዱን አስደፍና፣ ከኋላ ቆማ የገበያ እህል ስም ትጠራለች፤ እነሱ ይደግማሉ።

«ኑግ።»

«ኑግ!» አለች በዛብሽ። «ኪሎውን ስንት ልትሸጪልኝ ነው?»

እግሯም ደህና፣ ጆሮዋም ደህና። ቁጥር ሰባት ተሰረዘ። ሌላውም አርባ እየሳቁ እየሳቁ ተሰረዘ። የቀረው ስጦታው ብቻ ነው።

«እኔ ደህና ነኝ። ሞተሩን ላስነሳ» አለ።

እፀገነት ከወረቀቷ ቀና ሳትል፣ «ሕጉ ሁሉንም ይላል» አለች።

ተቀመጠ። ቀኝ ጆሮውን ደፈነ። ሲስተር ንጋት ከኋላው ቆመች።

«ጤፍ።»

ዝም።

«ሽንብራ።»

ዝም። ሲስተር ንጋት ጠጋ ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ምስር!»

ስጦታው የሆነ ነገር መባሉ ሳይገባው አልቀረም። ፈገግ አለ፤ ያ የሚያሳሳ ፈገግታው።

«እሺ» አለ።

የእፀገነት እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ። ይህን ፈገግታ ታውቀዋለች። ይህን «እሺ» ታውቀዋለች። ተነስታ ፊቱ ቆመች፣ እጁን ከጆሮው ላይ አነሳች።

«ያን ቀን፣ አይሱዙው አጠገብ፣ ምን አልኩህ?»

ከንፈሯን አየ። «ደክሞኛል፣ ወደ ቤት ልግባ... አላልሽኝም?»

ዱቄት ሲወርድ የሚሰማ ይመስል ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ሦስት ዓመት ይሆነዋል። ግራው ሄደ። ቀኙ አለ፣ ሞተር ካልተነሳ።»

«አርባ አንድ ውሸት ስትጽፍ ይህን አንድ እውነት እንዴት ዘለልከው?»

«የወፍጮ ፈጪ ሀብቱ ጆሮው ነው። አያ ከሰሙ ከድንጋዩ ያነሱኛል። ደግሞ...»

«ደግሞ ምን?»

«በአንቺ መዝገብ ውስጥ ቁጥር ሆኜ መግባት አልፈለግሁም።»

በዛብሽ እጇን ያዘቻት። «ልጄ፣ አርባ አንዱ ተሰርዟል። ንጹሕ ነው ብለሽ ላኪው። ይህን ከጻፍሽ ይዘጉታል፤ የሃያ ሦስት ሰው እንጀራ ነው።»

እውነቷን ነው። እፀገነት ብትጽፈው ወፍጮው በእውነተኛ ምክንያት ሊዘጋ ነው፤ ስጦታውም ሊጠላት ይችላል። ባትጽፈው ሁሉም ይተርፋል፤ ከስጦታው ቀኝ ጆሮ በቀር። ያ ጆሮ ስንት ዓመት ይቆያል? ቀጥሎስ የማን ጆሮ ነው?

«እትዬ፣ ሁለተኛው ጆሮው እስኪጠፋ ዝም ልበል?» አለች።

በሩ ላይ የቆሙትን አያ ባየን ያየ የለም። መቼ እንደመጡም አልታወቀም። ቀስ ብለው ገቡና ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«አንድ ሰው አልበላም እል ነበር» አሉ። «ለካ እዚሁ ደጄ ላይ የልጄን ጆሮ በልቶታል።» ቀና አሉ። «ስጦታው፣ ጻፍ። ይዘጋ እንደሆነ ይዘጋ።»

ስጦታው እፀገነትን አያት። እስክሪብቶውን ከመሬት አንስታ ሰጠችው። አዲስ ገጽ ገለጠ፦ «ቁጥር አንድ። የስጦታው ግራ ጆሮ። ያጠፋው የሞተሩ ድምፅ ነው። የደበቀው ኩራት ነው።»

አቶ ወንደሰን ያን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበቡት ይባላል። ወፍጮው አልተዘጋም። አንድ ወር ተሰጠው፦ ሞተሩ በግንብ ይለይ፣ ጆሮ ሁሉ ይሸፈን፣ በየዓመቱ ይመርመር፤ ስጦታው በአሠሪው ወጪ ይታከም፣ ከሞተሩም ይራቅ። ሠራተኞቹ በሙሉ ድምፅ የደህንነት ተወካያቸው አደረጉት። አያ ባየ ግንቡን ያሠሩት እንደ ጎንደር ግንብ አወፍረው ነው፤ ደምለው ያሠሩትን እስኪያዩ ድረስ ጨርሰዋል እንኳ አይባልም።

ግንቡ በተጀመረ ቀን ስጦታው ወደ እፀገነት መጣ። ሃያ ሁለት ሰው ሥራ የያዘ ይመስላል፤ አንድም የሚሠራ የለም።

«ያን ቀን ምን ብለሽኝ ነበር?»

«አንዴ ተናግሬዋለሁ።»

«የተናገርሽው ለሞተ ጆሮ ነው። ሙት ምስክር አይሆንም።»

ዞራ በቀኙ ቆመች። በሹክሹክታ ሊሆን ይችል ነበር። እሷ ግን ደረቷን ነፍታ፣ አዋጅ በምታነብበት ድምፅ፣ ገበያው ድረስ በሚሰማ ድምፅ ተናገረችው፦

«ቆዪ ካልከኝ እቆያለሁ! ለወፍጮው አይደለም! ለአንተ ነው!»

ስጦታው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይዘገይ መለሰ።

«ቆዪ!»

የተነሳውን እልልታ ማን ይተርከዋል! አያ ባየ ብቻ ናቸው ወዲያው ወደ ቁም ነገር የገቡት፦ «ደሴ አሥራ ሁለት ሽማግሌ እልካለሁ። ደምለው ለልጁ የላከው ስምንት ነበር።»

ሞጣ ላይ ግን ሥራ ቀርቷታል፤ የአቶ ደምለው ሰባት የክብር አደጋዎች ገና አልተሰረዙም። በሐሙሱ አውቶቡስ ስጦታው አብሯት ተሳፈረ፤ ለሞጣ አሠሪዎች ስለ ጆሮው ሊነግራቸው። በቀኙ አስቀመጣት። ደብረ ወርቅን እንዳለፉ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ፣ ዳገቱን በሚያቃስተው ሞተር ውስጥ አንዲት ነገር አለችው፤ ከቀኝ ጆሮው ሥር፣ ለእሱ ብቻ፣ ቀስ ብላ።

ከንፈሯን አላየም፤ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነበር። ቢሆንም እንደ ደወል ጥርት አድርጎ ሰምቷታል።

«ምን አልሽ?» አላት።

ደገመችለት።

ግንደወይን እስኪደርሱ ሰባት ጊዜ ጠየቃት።